የሥፍራ ምልክት ወይስ የንግድ ምልክት? ከመልካ ጀብዱ የተነሣ ጥያቄ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከድሬዳዋ ለገሀሬ ተነሥቶ መልካ ጀብዱ ወደሚኖር ዘመዱ ቤት የሚሄድ እንግዳ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ አይነሣም፤ ቢይዝም ብዙ አይጠቅመውም። የባጃጁ ነጂ የሚጠይቀው «የት ጋ ነው?» ብሎ ነው። መልሱም «ከመስጊዱ አለፍ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ትልቁ ዛፍ ጋ» የሚል ዓይነት ነው። መስጊዱን፣ ወፍጮ ቤቱንና ዛፉን ምልክት ይሁኑ ብሎ ያጸደቀ የመሐንዲስ ቢሮ የለም። ነገር ግን ሰውን ከሚፈልገው ደጅ ያደርሳሉ። የሥፍራ ምልክት የሚባለው ነገር ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ነው።

ይህ የቆየ ልማድ ዛሬ አዲስ ጥያቄ ገጥሞታል። ተጫዋቹ ተንቀሳቃሽ ስልኩን ይዞ በእውነተኛው መሬት ላይ እየተራመደ የሚጫወታቸው ጨዋታዎች በዓለም ከተስፋፉ ወዲህ፣ የትኛው ሥፍራ በካርታው ላይ ምልክት ሆኖ ይታይ የሚለው ጉዳይ መመሪያ የሚወጣለት፣ ዳኛ የሚቀመጥለት፣ ገንዘብም የሚከፈልበት ሆኗል። በዚህ ረገድ ብዙ ካከራከሩት ነገሮች አንዱ፣ በየከተማው በአንድ ስም፣ በአንድ ቀለምና በአንድ የምግብ ዝርዝር የሚከፈቱ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤቶች ምልክት ለመሆን ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን የካርታ ሥራ፣ የከተማ ፕላንና የሕዝብ ደኅንነት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። መልካ ጀብዱን በመሰለ፣ ገጽታው ገና በመለወጥ ላይ በሚገኝ ሥፍራ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል።

የጨዋታው አመጣጥ

እንደሚታወቀው ጂፒኤስ የተባለው የአሜሪካ የሳተላይት ሥርዓት ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚዞሩ ቢያንስ 24 ሳተላይቶች የሚሠራ ነው። መቀበያው መሣሪያ ከ4 ሳተላይቶች የሚመጣውን ሞገድ የጊዜ ልዩነት አስልቶ የቆመበትን ነጥብ ያገኛል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚላከውን ሞገድ ለብዙ ዓመታት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበር፣ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ሚያዝያ 23 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2000) ማዛባቱ እንዲቆም ተደረገ። ከ2 ቀን በኋላ በኦሪገን ግዛት አንድ ሰው ዕቃ የሞላበት ባልዲ ደብቆ ነጥቡን ለሌሎች አስታወቀ። ጂኦካሺንግ የተባለው የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ ጨዋታ የተወለደው በዚህ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኢንግረስ ነው። አዘጋጁ በዚያን ጊዜ የጉግል አካል የነበረው ኒያንቲክ ሲሆን፣ የጨዋታውን ነጥቦች በመጀመሪያ ያገኘው የታሪክ መታሰቢያ ሰሌዳዎችን ከመሰሉ ሥፍራዎች ዝርዝር ነው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ፎቶግራፍ እያነሡና መግለጫ እየጻፉ ሐውልቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የግድግዳ ሥዕሉን፣ ፏፏቴውን በእጩነት ያቀርቡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና በዓለም ዙሪያ ሕዝብን ወደ ጎዳና ያወጣው ፖኬሞን ጎ ይህንኑ የተሰበሰበ ዝርዝር መሠረት አድርጎ ተነሣ።

የምግብ ቤቶቹ ነገር የመጣው በዚሁ ዓመት ነው። በጃፓን የሚገኙ 2,900 ያህል የማክዶናልድ ምግብ ቤቶች በክፍያ ስምምነት በአንድ ጊዜ የጨዋታው ምልክቶች ሆኑ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ በአሜሪካ 7,800 ያህል የስታርባክስ ቡና ቤቶች ተከተሉ። በአንድ በኩል አንድ ተጫዋች የሰፈሩን ሐውልት ለማስመዝገብ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ መግለጫ ጽፎ፣ የሌሎችን ፍርድ ይጠብቃል። በሌላ በኩል በአንድ ውል ሺህዎች በአንድ ቀን ይገባሉ። ክርክሩ የጋለው ከዚህ ልዩነት የተነሣ ነው።

በኋላም ኒያንቲክ ዌይፋረር የተባለ የእጩዎች መመርመሪያ ሥርዓት ዘረጋ። መመዘኛዎቹ ባጭሩ ሦስት ናቸው፤ ሥፍራው ሊጎበኝና ሊታወቅ የሚገባው መሆኑ፣ ሰውነትን ለማንቀሳቀስ የሚጋብዝ መሆኑ፣ ሰዎች ተገናኝተው የሚጫወቱበት መሆኑ። እግረኛ በሰላም የሚደርስበት መሆኑም ግዴታ ነው። የትም የሚገኝ ተራ የንግድ ቤት በተጫዋቾች እጩነት አይቀበሉትም፤ የአካባቢው ሰው የሚወደው ልዩ ምግብ ቤት ግን ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ በአንዱ በር የተከለከለው በሌላው በር በገንዘብ የሚገባ መሆኑ ነው።

ለመሐንዲስ ትኩረት የሚሻ አንድ ሌላ ነገርም አለ። ፖኬሞን ጎ መሬትን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፍላል፤ ተጫዋቾች ካቀረቧቸው ሥፍራዎች መካከል ስፋቱ ከ70 እስከ 80 ሜትር በሚሆን አንድ ክፍል ውስጥ የሚታየው አንድ ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ተራ ነገር አስቀድሞ ክፍሉን ከያዘ፣ ከጎኑ ያለው ጥንታዊ ሕንፃ በጨዋታው ካርታ ላይ አይታይም። ይገባዋል አይገባውም የሚለው ክርክር የክብር ብቻ ሳይሆን የቦታ ሽሚያም ነው ማለት ነው።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር

ምግብ ቤቶቹ ይገባቸዋል የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። ወጣቶች በእርግጥ የሚገናኙት እዚያ ነው ይላሉ። መብራት አለ፣ መቀመጫ አለ፣ መጸዳጃ አለ፤ ማታ ላይ ከጨለማ መናፈሻ ይልቅ እዚያ መቆም ለሴት ልጅ ይሻላል። አዲስ በተሠራ ሰፈር ውስጥ ሐውልትም ሆነ የቆየ ሕንፃ የለም፤ የዚያ ሰፈር ልጆች ምልክት አይኑራችሁ ሊባሉ ነውን? ብለው ይጠይቃሉ።

አይገባቸውም የሚሉት ደግሞ የሥፍራ ምልክት አንድን ቦታ ከሌላው መለየት አለበት በማለት ይጀምራሉ። አሥር ከተማ ውስጥ አሥር ጊዜ የሚገኝ ነገር አንዱንም ከተማ አይለይም። ደግሞም ገዢ ያልሆነ ሰው በምግብ ቤት ደጅ ብዙ ሊቆም አይችልም፤ ሐውልት ግን ተመልካቹን ሒሳብ አይጠይቅም። በመጨረሻም ቅርንጫፍ የሚከፈተውም የሚዘጋውም ሌላ ከተማ ተቀምጦ በሚወስን የሥራ አመራር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሰፈር መታወቂያ ሊሆን አይችልም ይላሉ።

ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። የማይግባቡት «ምልክት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ስለሚሸፍንባቸው ነው። የመጀመሪያው ሥራ መጠቆም ነው፤ ሰው መንገድ እንዳይስት ዓይኑን የሚያሳርፍበት ማናቸውም ነገር መጠቆሚያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሥራ መዳረሻ መሆን ነው፤ ይኸውም «ይህን ለማየት ብለህ ና» ተብሎ ሰው የሚጋበዝበት ማለት ነው። መጠቆሚያ ለመሆን መታየት ይበቃል። መዳረሻ ለመሆን ግን በሌላ ሊተካ የማይችል መሆን ያስፈልጋል። በጨዋታዎቹ ካርታ ላይ የሚቀመጠው ነጥብ ከሁለተኛው ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ምግብ ቤቶቹ የሚከራከሩት በመጀመሪያው ዓይነት ማስረጃ ነው።

የኢትዮጵያ ከተሞች ምስክርነት

በዚህ ጉዳይ ላይ የኢትዮጵያ ከተሞች ከማንም የበለጠ ልምድ አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመንገድ ስም ብዙ በማይሠራበት፣ ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር በሚላክበት አገር ውስጥ ሕዝቡ የከተማውን ካርታ በአፉ ሲሠራ ኖሯል። ለዚህም ሥራ የንግድ ስሞችን ለመጠቀም አላፈረም።

ከአዲስ አበባ ጥቂት ምሳሌዎችን መጥቀስ ይቻላል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ኢንቺስ የተባለው የኢጣልያ ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው። ሲኤምሲ የአንድ የኢጣልያ የግንባታ ኅብረት ስም ምሕጻር ነው። ኢጣልያኖቹ ከሄዱ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ስሞቹን ዛሬ የሚጠራቸው ሰው ግን ድርጅቶቹን ሳይሆን ሰፈሮቹን ነው የሚያስበው። የነዳጅ ማደያዎቹም ነገር እንደዚሁ ነው። ቶታል እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ቶታል ኢነርጂስ ብሎ ለወጠ፤ የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «ቶታል! ቶታል!» እያለ ይጣራል። ሼል እ.ኤ.አ. በ2008 ግድም ማደያዎቹን ለሊቢያ ኦይል ሸጦ ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላም «ሼል ጋ ውረድ» የሚል ሰው አልጠፋም። ቀለሙም፣ አርማውም፣ ባለቤቱም ተለወጠ፤ ስሙ ግን በሥፍራው ላይ ቀረ።

ይህ ለምግብ ቤቶቹ ወገን የሚመሰክር ይመስላል። ዳሩ ግን ከዚሁ ከአዲስ አበባ ተቃራኒውን የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት አያስቸግርም። ካልዲስ ቡና ቤት አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቢኖረው ኖሮ «ካልዲስ ጋ እንገናኝ» የሚለው ቃል በቂ ነበር። ቅርንጫፎቹ ሲበዙ ግን «የትኛው ካልዲስ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ መልሱም የግድ ሌላ ምልክት ይጠራል፤ «መድኃኔ ዓለም አጠገብ ያለው» ይባላል። እዚህ ላይ ማን ማንን እንደሚጠቁም ልብ ማለት ይገባል። ባለ ብዙ ቅርንጫፉ ቤት ጎረቤቱን አልጠቆመም፤ ጎረቤቱ ነው እርሱን የጠቆመው። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ የገባው ፒዛ ሀትም ቅርንጫፍ በጨመረ ቁጥር ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አንድ የንግድ ቤት የተሳካለት መሆኑ፣ ማለትም መብዛቱ፣ ምልክትነቱን ያዳክመዋል።

ድሬዳዋ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በደረሰባት ጊዜ ነው። ከደቻቱ በአንድ ወገን ያለው ከዚራ በመሐንዲሶች ፕላን የተሠመረ ሲሆን፣ በማዶ ያለው መጋላ ግን በሰው እግርና በገበያ ሥርዓት ያደገ ነው። በከዚራ ቀጥ ያለው ጎዳናና በሁለቱም ወገን የቆመው ዛፍ መንገደኛውን ይመሩታል። መጋላ ውስጥ ግን ያለ ምልክት አይሄድም። ለገሀሬ የሚለው ስም ባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው ከፈረንሳይኛው ቃል የመጣ ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አሮጌው ባቡር ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ አዲሱ የባቡር ጣቢያም ከመሐል ከተማ ርቆ ተሠርቷል። ቢሆንም ለገሀሬ ለገሀሬ እንደ ሆነ ቀርቷል። ሥራው ቆሞ ስሙ የጸናው፣ ከተማዋ ራሷ ከእርሱ ስለ ተወለደችና በድሬዳዋ ሁለተኛ ለገሀሬ ስለሌለ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች አንድ የጋራ ሕግ ይወጣል። የንግድ ስም የሥፍራ ስም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሦስት ሁኔታ ነው። አንደኛ፣ በዚያ ከተማ ሰው አእምሮ ውስጥ አንድን ነጥብ ብቻ ሲይዝ ነው። ሁለተኛ፣ ስሙን የሰጠው የቤቱ ባለቤት ሳይሆን አላፊ አግዳሚው ሲሆን ነው። ሦስተኛ፣ የበሩ ሰሌዳ ቢነቀል እንኳ ስሙ ሲቀር ነው። ይህን ያሟላ ቤት፣ ምግብ ቤትም ቢሆን፣ ምልክትነቱን በጊዜ አግኝቷል፤ በገንዘብ የገባው ግን ውሉ ሲያበቃ አብሮ ያበቃል።

የመልካ ጀብዱ ጉዳይ

አሁን ወደ ተነሡበት ሥፍራ መመለስ ይገባል። መልካ ማለት በኦሮምኛ ወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ሥፍራው ካርታ ከመሠራቱ በፊት ለመንገደኛ ምልክት ነበረ። ዛሬ በዚሁ አካባቢ የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቆሟል። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ተመርቋል። በዚያው ወር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የስልክ አገልግሎቱን በሙከራ የጀመረው በድሬዳዋ ነው። ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ባቡርና የስልክ መረብ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ከየአገሩ የሚመጣ እንግዳ ሠራተኛ ይከተላል። እንግዳ ሠራተኛ ሲበዛ ደግሞ በስሙ የታወቀ ምግብ ቤት ቅርንጫፍ መክፈቱ አይቀርም።

አደጋው የሚያሰጋው እዚህ ላይ ነው። የጨዋታ ምልክት የሚበዛው ተጫዋች በሚበዛበት ነው፤ እጩ የሚያቀርበው ተጫዋቹ ነውና። ተጫዋች የሌለበት ሰፈር ምልክት የለውም፤ ምልክት የሌለበትም ሰፈር ተጫዋች አይስብም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው ኧርባን ኢንስቲትዩት በዋሽንግተን ከተማ ባደረገው ቆጠራ፣ ነጮች በሚበዙበት ሰፈር በአማካይ 55፣ ጥቁሮች በሚበዙበት ሰፈር ግን 19 የጨዋታ ምልክቶች እንደ ተገኙ አስታውቋል። በአንድ ከተማ ውስጥ ይህ ከሆነ፣ የከተማ ዳር መንደሮች ዕጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በባዶው ካርታ ላይ መጀመሪያ የሚሞላው፣ የቅርንጫፎቹን ዝርዝር አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ባለ ገንዘብ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ለሩቅ ተመልካች መልካ ጀብዱ ማለት መሻገሪያው፣ ገበያውና ዛፉ መሆናቸው ቀርቶ አንድ የምግብ ቤት አርማ ብቻ ይሆናል።

ጉዳዩ በጨዋታ ብቻ የሚያበቃም አይደለም። ፖኬሞን ጎ እ.ኤ.አ. ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ መንገዶቹን የሚያሳየው በበጎ ፈቃደኞች ከሚሠራው ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። ይኸው ካርታ ለርዳታ ድርጅት፣ ለዕቃ አድራሽና ለጥናት አቅራቢም ያገለግላል። ስለዚህ በካርታው ላይ የተጻፈው ነገር ከጨዋታው ወጥቶ አምቡላንስ የሚጠብቅ ቤተሰብ ዘንድ ይደርሳል። ቤተሰቡ «ወፍጮ ቤቱ ጋ» እያለ ሲጣራ፣ በነጂው ስልክ ላይ የሚታየው የምግብ ቤት ስም ብቻ ከሆነ፣ ካርታና ሕዝብ በሁለት ቋንቋ መነጋገር ጀመሩ ማለት ነው።

ለክርክሩ ሚዛን ሲባል አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የቆየና የተለየ ሥፍራ ሁሉ ለጨዋታ ምልክትነት ይስማማል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሽዊትዝ መታሰቢያ ቤተ መዘክር ግቢው ከጨዋታው እንዲወጣለት ጠይቋል፤ ሰው ለሐዘን በሚቆምበት ሥፍራ ጨዋታ ነውር ነውና። በድሬዳዋም ከዚህ የሚቀራረብ ጉዳይ አለ። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም በላዩ ይመላለሳል። ለሩቅ ዳኛ በፎቶግራፍ ቢታይ ሰፊና ለእግረኛ የተመቸ ሜዳ ይመስላል። ነገር ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በደጋው የዘነበው ዝናብ ሌሊት በዚያ አሸዋ ላይ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። እንዲህ ባለው ሥፍራ ልጆችን የሚጠራ ምልክት ማኖር ወንጀል ነው። በዚህ ረገድ መብራት ያለው ምግብ ቤት ከውብ ወንዝ ይሻላል ቢባል ትክክል ነው። ደኅንነት ግን ምልክት ለመሆን የመግቢያ ፈቃድ እንጂ ራሱ ምልክትነት አይደለም።

ከባለሙያው የሚጠበቀው

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ መስጠት ይቻላል። ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ምግብ ቤት መጠቆሚያ ሆኖ በካርታ ላይ ቢታይ የሚከለክለው ምክንያት የለም። መዳረሻ ተብሎ ለመሰየም ግን ቅርንጫፍ በመሆኑ ብቻ አይገባውም። የሚገባው አንድ ቅርንጫፍ ቢኖር፣ ስሙ በሌላ ቅርንጫፍ ሊተካ የማይችል፣ የሰፈሩ ሰው በአፉ ያጸደቀው ቤት ነው። የከፈለ ድርጅት ደግሞ በተለየ ቀለም ይታይ፤ ነገር ግን ሰፈሩ በድካሙ ያገኘውን ክፍል አይውሰድበት።

ይህ መልስ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ለመሐንዲሱ የሚሆኑ ሦስት ተግባሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ለመንገድ፣ ለውኃ ወይም ለመብራት መስመር የቅየሳ ሥራ ሲወጣ የነጥቡን ከፍታና ርቀት ብቻ ሳይሆን ሰዉ ሥፍራውን የሚጠራበትን ስም ጭምር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም እንደሚነገረው፣ በመዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ይህ ከቀያሹ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ካልተሠራ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ በማንኛውም ዋጋ አይገኝም። ሁለተኛው፣ አዲስ ግንባታ ነባሩን ምልክት፣ ዛፉን ወይም የውኃ ቦኖውን፣ የሚያስነሣ ሲሆን ይህን እንደ ጉዳት ቆጥሮ በጥናቱ ውስጥ ማመልከት ነው። ሦስተኛው፣ ስልክ የያዙ የሰፈሩ ወጣቶች በነጻው ካርታ ላይ መንደራቸውን ራሳቸው እንዲጽፉ ማስተማር ነው፤ ባዶ ቦታ ለመጀመሪያው መጪ ነውና፣ መጀመሪያ የሚመጡት ባለቤቶቹ ቢሆኑ ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ኒያንቲክ ፖኬሞን ጎን ጨምሮ ጨዋታዎቹን በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ስኮፕሊ ለተባለ ኩባንያ ሸጧል። ካርታ ያለው ይሸጣል፤ ምግብ ቤት ያለውም ቅርንጫፉን ይዘጋል። ለገሀሬ የሚለው ስም ግን ሻጭም ገዢም የለውም። መልካ ጀብዱ የሚለውም እንደዚሁ። መንገደኛው ነገ በባጃጅም ሆነ በስልክ እየተመራ ሲመጣ፣ የባጃጁ ነጂ የሚጠራውና ስልኩ የሚያሳየው ስም አንድ ሆኖ ቢያገኘው፣ ቀያሹ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።